ያለ መርፌ የሚለካ ቢጫነት



ጊዜያቸውን ጠብቀው ከሚወለዱ አሥር ሕፃናት የስድስቱ ያህል ቆዳና የዓይን ነጭ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናል። ቀናቸው ሳይደርስ ከተወለዱት ደግሞ የስምንቱ ያህል። አብዛኞቹን ቢጫው ያለ አንዳች መድኃኒት፣ ጡት እየጠቡ፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃቸዋል። ጥቂቶቹን ግን አይለቅም፤ እየበረታ ሄዶ አንጎል ይደርሳል። ዛሬ የምነግራችሁ እነዚህን ጥቂቶች ከብዙዎቹ መካከል ያለ መርፌ ለይቶ ለማውጣት ስለተሠራ፣ በአንድ እጅ ስለሚያዝና በብርሃን ስለሚሠራ መሣሪያ ነው። መሣሪያውን እወደዋለሁ። ከሚገባው በላይ ሲታመን ሳይ ግን እሰጋለሁ።

ቢጫው የሚመጣው ከደም ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ሲያረጅ ይፈርሳል፤ በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ሲበታተን መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ ቀለም ያለው ንጥረ ነገር ይወጣዋል። ቢጫው ቢሊሩቢን ይባላል። ተመትቶ የበለዘ ገላ ከቀናት በኋላ አረንጓዴ፣ ከዚያም ቢጫ የሚሆነው በዚሁ ሂደት ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት ይህን ቢጫ በውኃ እንዲሟሟ አድርጎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይጥለዋል። አዲስ የተወለደ ልጅ ግን ከማህፀን ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ይዞ ይወጣል፤ የሕዋሶቹም ዕድሜ ከአዋቂው 120 ቀን ያንሳል። የሚፈርሰው ብዙ፣ የሚያጣራው ጉበት ደግሞ ገና ሥራውን ያልለመደ ነው። በዚያ ላይ ወደ አንጀት የወረደው ቢሊሩቢን ልጁ ቶሎ ቶሎ ካልጸዳዳ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። እንገሩን ሳይጥሉ ደጋግሞ ማጥባት ከመከላከያዎቹ አንዱ የሆነው ለዚህ ነው።

ቢሊሩቢን በደም ውስጥ የሚጓዘው አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው። ከተሸካሚው አቅም በላይ ሲበዛ የተረፈው ወደ አንጎል ይሰርጋል። ልጁ መጀመሪያ ይፈዛል፣ ጡት መሳብ ይሰንፋል፤ ከዚያ ለቅሶው ቀጭንና ስለታም ይሆናል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ይለመጣል። ከዚህ ደረጃ ደርሶ የተረፈ ልጅ መስማት ሊሳነው፣ እጅ እግሩም ዕድሜውን ሙሉ ላይታዘዘው ይችላል። ይህን ሁሉ በቀላል መንገድ መከላከል እንደሚቻል ሳስብ ነው የመለየቱ ጉዳይ የሚያንገበግበኝ። ቀድሞ የተገኘን ልጅ ለጥቂት ቀናት ሰማያዊ መብራት ሥር ማስተኛት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

ቢጫ በዓይን የሚታይ ቀለም ከሆነ ታዲያ መሣሪያ ምን ያደርጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ በዓይናቸው ሲፈርዱ ኖረዋል። በ1969 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ክሬመር የተባለ ሐኪም ቢጫው ከፊት ጀምሮ ወደ ደረት፣ ወደ ሆድ፣ በመጨረሻም ወደ መዳፍና ወደ ውስጥ እግር እንደሚወርድ ጽፎ፣ የት እንደደረሰ በማየት መጠኑን መገመት እንደሚቻል አስተማረ። ዘዴው ዛሬም በብዙ የማዋለጃ ክፍል ይሠራበታል። ችግሩ አንዱን ልጅ ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች አይተው ሁለት የተለያየ ግምት መስጠታቸው ነው። የክፍሉ መብራት ይለያያል፣ የግድግዳው ቀለም በልጁ ላይ ያርፋል፤ የልጁ የራሱ ቆዳ ጥቁር ወይም ጠይም ከሆነ ደግሞ ቢጫው ከሥር ይደበቃል። በእኛ አገር ልጁ ተጠቅልሎ፣ መጋረጃ በተጋረደበት ጨለም ያለ የአራስ ክፍል ውስጥ ከእናቱ ጋር ይተኛል፤ ጠያቂም እንዳያየው ፊቱ ይሸፈናል። ቢጫው በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ሲበረታ የሚያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። እናቶች ቤት ሳሉ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር አለ፦ ልጁን ወደ መስኮት አቅርቦ የግንባሩን ወይም የደረቱን ቆዳ በጣት ጫን አድርጎ መልቀቅና በዚያች ቅጽበት የሚታየውን ቀለም ማየት፤ ድዱንና የዓይኑን ነጭም ማየት። ይህ ግን ለመጠርጠር እንጂ ለመለካት አይሆንም።

ከዓይን ወደ መለኪያ የተደረገው የመጀመሪያ እርምጃ ቀላል ነበር። ጎሴት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1960 አምስት ዓይነት ቢጫ መስመር የተቀባበት ቁራጭ ፕላስቲክ ለዓለም አስተዋወቀ፤ የልጁ አፍንጫ ላይ ይጫኑታል፣ ከነጣው ቆዳ ጋር የሚመሳሰለውን መስመር ያነባሉ። ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም። አንባቢው ግን ያው ዓይን ነው። እርግጠኛው መለኪያ የደም ምርመራ ነው፤ የልጁን ተረከዝ ወግቶ ደም መቅዳት፣ ላቦራቶሪ መላክ፣ ውጤት መጠበቅ። ቢጫ ያለውን ሕፃን ሁሉ እንውጋ ብንል ከልጆቹ ሕመም ሌላ ላቦራቶሪውም አይችለውም።

በ1980 ጃፓናዊው ኢትሱሮ ያማኖውቺና በኦካያማ ከተማ አብረውት ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች አዲስ መንገድ ይዘው ቀረቡ። የመሣሪያው ሠሪ ሚኖልታ ነበር፤ አዎ፣ የካሜራው ሚኖልታ። የብርሃን መጠን መለካት የፎቶግራፍ ሰዎች የዕለት ሥራቸው ስለሆነ አያስደንቅም። ነርሷ የመሣሪያውን ጫፍ የልጁ ግንባር ላይ ታሳርፍና ጫን ታደርገዋለች። ጫናው ሁለት ነገር ይሠራል፦ በዚያ ቦታ ያለውን ደም ገፋ ያደርጋል፣ ፍላሹንም ያስነሳል። እንደ ካሜራ ፍላሽ ያለ አንድ ብልጭታ ቆዳው ውስጥ ይገባል፤ ከውስጥ ተበትኖ የተመለሰውን ብርሃን መሣሪያው ተቀብሎ ይመረምራል። ልጁ ብዙ ጊዜ ከእንቅልፉም አይነቃም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል፤ ትንሽ ታገሡኝ። ቆዳ ላይ ያረፈ ብርሃን ሁሉ ከላዩ አይመለስም። ከፊሉ ይገባል፣ በሥጋው ቃጫዎች መካከል እየተንገዳገደ ይዞራል፣ የተረፈው ይወጣል። በመንገዱ ላይ የሚውጡት ሦስት ናቸው፦ በላይኛው የቆዳ ንብርብር ያለው ሜላኒን፣ ማለትም የጠይምነታችን ቀለም፤ በደም ሥሮች ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን፤ ከደም ሥር ወጥቶ በቆዳው ውስጥ የተከማቸው ቢሊሩቢን። እኛ የምንፈልገው የሦስተኛውን ድርሻ ብቻ ነው። መሣሪያው ግን የሚያገኘው የሦስቱን ድምር ነው።

እዚህ ላይ የብርሃኑ ቀለም ያግዘናል። ቢሊሩቢን ቢጫ ሆኖ የሚታየን ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚውጠው የሞገድ ርዝመቱ 460 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ሲሆን፣ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 550 ናኖሜትር የሆነውን አረንጓዴ ብርሃን ግን ምንም አይነካውም ማለት ይቻላል። ሄሞግሎቢን በበኩሉ ሁለቱንም በተቀራራቢ መጠን ይውጣል። ስለዚህ በሰማያዊው የጠፋውን ብርሃን ለክተው በአረንጓዴው የጠፋውን ከዚያ ላይ ቢቀንሱት የደሙ ድርሻ ይጣፋል፣ የቢሊሩቢኑ ይቀራል። ነጋዴ እህሉን ከነጆንያው መዝኖ የባዶ ጆንያውን ክብደት እንደሚቀንሰው ነው፤ የያማኖውቺ ብልሃት የደሙን ጆንያ መቀነስ ነበር።

ሜላኒን ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀነስም። ሰማያዊውን ከአረንጓዴው አብልጦ ይውጣልና ሁለቱን ስናቀናንስ የእርሱ ትርፍ ከቢሊሩቢኑ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። የመጀመሪያው መሣሪያ የሚያወጣው ቁጥር መለኪያ የሌለው ተራ ቁጥር ነበር፤ እያንዳንዱ ሆስፒታል በራሱ ሕፃናት ላይ ከደም ምርመራ ጋር እያስተያየ የራሱን ማመሳከሪያ ማዘጋጀት ነበረበት። በጃፓን ሕፃናት የተሠራው ማመሳከሪያ ጥቁር ሕፃናት ላይ አይሠራም ነበር።

በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ይህን በሁለት መንገድ ሊፈቱት ሞከሩ። አንደኛው ዓይነት ሁለት ቀለም ትቶ ከመቶ በላይ የሞገድ ርዝመቶችን በአንድ ጊዜ ያነባል፤ ቢሊቼክ የሚባለው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ልኬት የሚጣል ጫፍ ስለሚያስፈልገው ለድኻ አገር ሆስፒታል የጫፉ ወጪ ከመሣሪያው ወጪ የማይተናነስ ራስ ምታት ይሆናል። ሁለተኛው የሚኖልታ ልጆች የሆኑት የኋላ ሞዴሎች መንገድ ነው፤ ብልሃቱ ስላማረኝ ትንሽ ላብራራው። ከቆዳ የሚመለሰውን ብርሃን በሁለት ቦታ ይቀበላሉ፤ አንዱ ብርሃኑ ከገባበት ቅርብ፣ ሌላው ራቅ ያለ። ቅርብ የሚወጣው ብርሃን ብዙ ሳይጠልቅ የተመለሰ ነው፣ ራቅ ብሎ የሚወጣው ደግሞ ጠልቆ የዞረ። ሁለቱም ግን ሲገቡም ሲወጡም ያንኑ የላይኛውን ጠይም ንብርብር አልፈዋል። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ሲቀንሱ የሜላኒኑ ድርሻ አብዛኛው ይጠፋፋል፤ የሚቀረው ከሥር ያለው ጥልቅ ሥጋ ታሪክ ነው።

አብዛኛው አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም። በአሜሪካም፣ በናይጄሪያ ሌጎስም የተደረጉ ጥናቶች እነዚህ የተሻሻሉ መሣሪያዎች ጠቆር ያሉ ሕፃናት ላይ ሲያርፉ በደም ውስጥ ካለው መጠን ከፍ ያለ ቁጥር የመስጠት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ የወለደች ኢትዮጵያዊት፣ መሣሪያው ከፍ ያለ ቁጥር አሳይቷልና ደም ይቀዳ ብትባል፣ ከኋላው ያለው ነገር ይህ ሊሆን ይችላል። በጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ታስታውሳላችሁ፣ በኮሮና ጊዜ ሁላችንም የለመድነውን? በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ያ መሣሪያ የጥቁር ሕሙማንን የኦክስጅን እጥረት ሳያይ የሚያልፈው ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። ያኛው ሲሳሳት የታመመውን ደኅና ነህ ይላል። የቢጫው መለኪያ ሲሳሳት ግን ብዙ ጊዜ ደኅናውን ልጅ ጠርጥሬሃለሁ ይላል። የትኛው ስሕተት ይሻላል ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ነጻ አይደለም። ያለ ምክንያት የሚወጋ ተረከዝ፣ ያለ ምክንያት የተራዘመ ቆይታ፣ ከገጠር የመጣ ቤተሰብ የሚከፍለው ተጨማሪ ትራንስፖርት ሁሉ ዋጋ ነው።

ከሜላኒኑ ሌላ ሁልጊዜ መታወስ ያለበት ነገር አለ፦ መሣሪያው የሚያየው ቆዳ ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን እንጂ ደም ውስጥ ያለውን አይደለም። ሁለቱ አብረው ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ግን እኩል አይደሉም፤ በሁለት በሦስት ሚሊግራም በዴሲሊትር መለያየታቸው የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ የመሣሪያው ቁጥር የብርሃን ሕክምና ከሚጀመርበት ወሰን በ3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ውስጥ ከቀረበ፣ ወይም ወሰኑን ካለፈ፣ ወይም 15 ከደረሰ፣ ደም ይመርመር ይላል። የእንግሊዞቹ መመሪያ ደግሞ ከ250 ማይክሮሞል በላይ ከሆነ ደም ይቀዳ ይላል፤ የመለኪያው ስም ይለያይ እንጂ ሁለቱ ወሰኖች ይቀራረባሉ፣ አንድ ሚሊግራም በዴሲሊትር 17.1 ማይክሮሞል በሊትር ነውና። ከውጭ በእርዳታ የመጣ መሣሪያ በየትኛው እንደተስተካከለ ሳያዩ ቁጥር ማንበብ አደገኛ ነው።

ቁጥሩ ብቻውንም ምንም አይናገርም፤ ከልጁ ዕድሜ ጋር፣ ያውም በሰዓት ተቆጥሮ፣ መነበብ አለበት። ቪኖድ ቡታኒና ባልደረቦቹ በፊላደልፊያ የተወለዱ ጤነኛ ሕፃናትን መዝግበው በ1999 ያወጡት ሥዕላዊ ሠንጠረዥ ይህን አስተምሯል። በተወለደ በ24 ሰዓቱ 8 ሚሊግራም ያሳየ ልጅ ከመቶ ሕፃናት መካከል ከከፍተኞቹ አምስቱ አካባቢ ነው፤ በአራተኛው ቀን 8 ያሳየ ልጅ ግን ከዝቅተኞቹ ጋር ይመደባል። በመጀመሪያው ቀን ውስጥ የሚታይ ቢጫነት ደግሞ ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሾተላይ ወይም ሌላ የእናትና የልጅ የደም ዓይነት አለመጣጣም ሊኖር ይችላል። እንዲህ ሲሆን መሣሪያ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ደም ይቀዳ።

ቆዳና ደም ጨርሰው የሚለያዩበት ሁኔታም አለ። ይህን ለመረዳት በእንግሊዝ ኤሴክስ ወደሚገኘው ሮችፎርድ ሆስፒታል እንሂድ፤ ጊዜው 1956 ነው። ሲስተር ዋርድ የተባለች ነርስ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ለሕፃናት ይበጃል ብላ ስለምታምን፣ በደኅና ቀን ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱትን ሕፃናት ከነአልጋቸው ወደ ግቢው ታወጣቸው ነበር። አንድ ቀን ሐኪሞቹ ሲዞሩ አንዱን ልጅ ገልጣ አሳየቻቸው። ገላው ፈዛዛ ሆኖ ሳለ አንድ ሦስት ማዕዘን የሆነ ቦታ ብቻ ደማቅ ቢጫ ነበር። ሐኪሞቹ መድኃኒት የቀባችው መስሏቸው ጠየቋት። የቀባችው ነገር አልነበረም፤ ሦስት ማዕዘኑ የአንሶላው ጫፍ ሸፍኖት የነበረ ቦታ ነው፣ የተለወጠው ሌላው ገላ ነበር። በዚያው ሆስፒታል ፀሐይ ባረፈበት መስኮት ላይ የተረሳ የደም ብልቃጥም ሲመረመር ቢሊሩቢኑ ከተጠበቀው በጣም አንሶ ተገኘ። ሪቻርድ ክሬመር (ቀደም ብዬ ከጠራሁት ክሬመር ሌላ ሰው ነው) ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ነገሩን ተከታትለው በ1958 ሰማያዊ መብራት የተደረደረበት የመጀመሪያውን የብርሃን ሕክምና አልጋ በላንሴት መጽሔት አወጡ። ዛሬ ሰማያዊ ብርሃን ቢሊሩቢንን ቅርጹን ለውጦ ጉበት ሳያግዘው በሐሞትና በሽንት እንዲወጣ እንደሚያደርገው እናውቃለን።

የአንሶላው ጫፍ ታሪክ ስለ ሕክምናው ሲነገር ኖሯል፤ ስለ ምርመራውም እኩል ያስተምራል ባይ ነኝ። ብርሃን ያገኘው ቆዳ ከደሙ ቀድሞ ይነጣል። ስለዚህ መብራት ሥር የተኛ ልጅ ግንባር ላይ መሣሪያ ብታሳርፉ፣ ደሙ ገና አደገኛ ሆኖ ሳለ፣ የሚያጽናና ቁጥር ይሰጣችኋል። ሕክምናው ካበቃ በኋላም ቢያንስ አንድ ቀን ካላለፈ አይታመንም። በጠዋት ፀሐይ የሞቀ ልጅም ግንባሩ ሊያታልል ስለሚችል፣ በልብስ ተሸፍኖ የቆየውን ደረቱን፣ የደረት አጥንቱ ላይ፣ መለካት ይሻላል።

ፀሐይን ካነሣሁ አይቀር፣ ልጅን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ በየቤታችን ያለ ልማድ ነውና ቢጫውን ያጠፋዋል ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። በፀሐይ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ብርሃን እውነት ይሠራል። ግን መጠኑ አይታወቅም፣ ልጁ ይቃጠላል ወይም ይበርደዋል፤ ከሁሉም የከፋው ቤተሰቡ ፀሐይዋን አምኖ ሐኪም ዘንድ መሄዱን ማዘግየቱ ነው። በናይጄሪያ ጎጂውን ጨረርና ሙቀቱን በሚያጣራ ፕላስቲክ በተሸፈነ ድንኳን ውስጥ በሐኪም ክትትል የተደረገ ሙከራ በ2015 ታትሟል፤ መብራት ከሚጠቀመው ሕክምና ያላነሰ ውጤት ሰጥቷል። ያ ግን በየሰዓቱ የልጁ ሙቀት እየተለካ ነው፤ ከቤት ደጃፍ ፀሐይ ጋር አንድ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የድኅረ ወሊድ እንክብካቤ ምክሩ፣ ከጤና ተቋም የሚወጣ ሕፃን ሁሉ በዚህ የቆዳ መለኪያ እንዲታይ መክሯል። በወጪ ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ መሣሪያ ስለሆነ በሁሉም ጤና ጣቢያ ነገ ይገኛል ብዬ አልጠብቅም። በ2019 በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 48 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ሕፃናት መውጫ በር የላቸውምና በመውጫ በር ላይ የሚለካቸውም የለም።

ስለዚህ አንድ ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ አንዲት መሣሪያ ብቻ መግዛት ቢችል የት ትቀመጥ ብትሉኝ፣ የሕሙማን ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ አትቆለፍ እላለሁ። እዚያ ያለው ልጅ ደሙ ለማንኛውም ይቀዳል፣ መብራት ሥር ስለሚሆንም መሣሪያዋ ታሳስታለች። ቦታዋ አራስ የምትወጣበት በርና የሦስተኛው ቀን ጉብኝት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እናትና ልጅ እንዲታዩ ይመክራል፣ ይህም ቢጫው ወደ ከፍታው የሚወጣበት ጊዜ ነው። አዋላጇ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየጠዋቱ ከመሣሪያዋ ጋር በሚመጣው ማመሳከሪያ ትክክለኛነቷን ትፈትሽ፤ ልጁ በስንት ሰዓት እንደተወለደ ጠይቃ ከቁጥሩ አጠገብ ትጻፍ። መሣሪያዋን ለሚገዛው የጨረታ ኮሚቴም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከመሣሪያው ዋጋ በፊት ይመለስልኝ፦ ቅዳሜ ማታ ቁጥሩ ከወሰኑ በላይ የሆነ ልጅ ቢገኝ፣ ደሙን የሚመረምረው ላቦራቶሪና ሰማያዊው መብራት የትኛው ሆስፒታል ነው፣ በምንስ መኪና ይደርሳል?